የአምስተኛው ሴንዞ ስም

ሚሳኦ የመጨረሻዋን ትንኝ እግር ቀርጻ ሳትጨርስ ወንድሟ ኖቡታካ ከኋላዋ መጥቶ የጣውላውን ጥግ በጣቱ ነካ።

"ስሜ ያለባት ሳጥን ገና ናት?"

"እጅህን አንሳ!"

"እሺ፣ እሺ። ምን ያስቆጣሻል እትዬ?"

ምን ያስቆጣሻል ይላል! ለወላጆቻቸው ያደሩትን የሃያ አራቱን ደጋግ ልጆች ተረቶች ለኅትመት በጣውላ ላይ መቅረጽ ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት። ይሄኛው የመጨረሻው ነው፤ ትንኞች አባቱን ትተው እሱን እንዲነክሱ ራቁቱን የሚተኛው ልጅ። ሥዕሉ ያለበት ስስ ወረቀት ተገልብጦ ጣውላው ላይ ተለጥፏል፤ እሷ መስመሩን አስቀርታ ዙሪያውን በቢላ ትፈለፍላለች። የቀራጩ ስም የሚገባው በዚህ በመጨረሻው ላይ ብቻ ነው። ጥጉ ላይ ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ "አምስተኛው ሴንዞ ቀረጸው" ተብሎ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ ገና አልተቀረጸም።

ሴንዞ በቤታቸው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቀራጭነት ስም ነው፤ አምስተኛው ሴንዞ ኖቡታካ ነው። ኦሳካ ውስጥ የቤት ማቀዝቀዣ ይሸጣል፤ የመቅረጫ ቢላ መጨበጥ ከተወ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ባለፈው እሑድ አራተኛው ሴንዞ፣ አባታቸው፣ አልጋቸው ላይ እንዳሉ ስሙን አወረሱት። የሥርዓቱን የሩዝ መጠጥ፣ ሳኬውን፣ የቀዳችው ሚሳኦ ነበረች። አባትየው ግማሽ አካላቸው ከከዳቸው ወዲህ የምታጎርሳቸው፣ የምታጥባቸው፣ በየሁለት ሰዓቱ የምታገላብጣቸውም እሷው ናት።

ቢላዋን አስቀምጣ ወደ አባቷ ክፍል ገባች።

"አባባ፣ ሃያ አራቱንም ማን እንደቀረጸ ያውቃሉ?"

"አንቺ ነሻ። እጅሽ ከእኔም እጅ ይበልጣል።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምን? ስሙ የወንድ ልጅ ነው። የደጋግ ልጆችን ታሪክ እየቀረጽሽ አባትሽን ትሞግቻለሽ?"

ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር። ያንገበገባት ሙገሳው ነው። እያወቁ ነው ለካ! እጇን ከእሳቸው እጅ አስበልጠው፣ ስሙን ግን ለማቀዝቀዣ ነጋዴ!

ስትመለስ ኖቡታካ በሩ ላይ ጠበቃት።

"እኔ እኮ ስጡኝ አላልኩም። እሳቸው ናቸው።"

"እንቢ ማለት አቅቶህ ነው?"

"አባቴን እንቢ ልበል? ምን ዓይነት ልጅ ልባል ነው?"

ሳቋ መጣ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

አታሚው ሙራሴ ጃንጥላውን እያራገፈ የገባው ያኔ ነው፤ ጣውላውን ሊወስድ ነበር የመጣው። ሚሳኦ የቀረችውን እግር ቀርጻ ጨረሰች። ከዚያ ጨርቅ በውሃ ነክራ በጣውላው ላይ የቀረውን ወረቀት ጠረገችው። የወንድሟ ስምም አብሮ ተጠረገ። ሳጥኗ ያልተነካ ልሙጥ እንጨት ሆና ቀረች።

ሙራሴ ጎንበስ ብሎ አየ። "ሚሳኦ እህቴ፣ ይቺን ረስተሻታል። እንዲህ ከቀረች እኮ ድፍን ጥቁር ሆና ነው የምትታተመው።"

"አልረሳኋትም። ጥቁር ትሁን።"

"ሁለት መቶው ቅጂ ላይም?"

"ሁለት መቶው ላይም።"

"አብደሻል!" ኖቡታካ ጮኸ። "የቤታችንን ስም!"

የቢላውን እጀታ ወደ እሱ አዙራ አቀረበችለት። "እንካ፣ ቅረጸው። ጥቂት ፊደል ነው።"

ኖቡታካ ቢላውን አየ፣ ሙራሴን አየ። እጁን ኪሱ ከተተ። ሙራሴ ጣውላውን በጨርቅ ጠቀለለና ወደ ዝናቡ ወጣ።

"ሚሳኦ!" አሉ አባትየው ከውስጥ። "ጎኔ ደነዘዘ፣ አገላብጪኝ!"

በልማድ ጉልበቷ ሊነሳ ቃጣው። መልሳ ተቀመጠችና የቢላ መሳያውን ድንጋይ ወደ ራሷ ሳበች።

"ሚሳኦ!"

"አምስተኛው ሴንዞ" አለች ቀና ሳትል፣ "አባትህ እየተጣሩ ነው።"