የጓሮዋ በር

በቦስኒያዋ ሞስታር ከተማ፣ በእኛ አሮጌ ሰፈር፣ የሴት መንገዷ በጓሮ ነው። በየግቢው የድንጋይ አጥር ላይ ጎንበስ ተብሎ የሚታለፍባት ትንሽ በር አለች፤ ቁልፍ የላትም። እኔና ጎረቤቴ ማንዳ የምንገናኘው በዚያች ነው። እኔ መስጊድ እሄዳለሁ፣ እሷ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፤ ምሳችን ግን አንድ ነው። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ ዳገቱን ስለማትችለው፣ ልጇ ከቤት ሲወጣ እኔ ካልመጣሁ የሰው ፊት አታይም።

እህቴ ዘንድ ሰንብቼ በተመለስኩ ማግስት ሥጋና ሩዝ በጎመን ቅጠል የጠቀለልኩበትን ዶልማዬን ይዤ በሯን ጎትቼ ከፈትኳት። ብሎኬት! ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው። ክው ብዬ ቀረሁ። በእጄ ነካሁት፤ ዓይኔን አላመንኩትማ።

"ክሬሾ!" ብዬ የማንዳን ልጅ ጠራሁት። "አንተ እርጉም! በእናትህ ላይ ግንብ ትሠራለህ?"

በጎዳናው ዞርኩ። ጉድ በሉ፣ ሙሽራ ሆኜ ከመጣሁ ጀምሮ በጓሮ ስመላለስ የማንዳን የፊት በር አላውቀውም! የሰው በር ደበደብኩ።

"ማንዳን ነው? ቀጥሎ ያለው ነው እማማ" አለኝ የከፈተልኝ ጎልማሳ እየሳቀ። "ጎረቤትዎን ዛሬ ገና መተዋወቅዎ ነው?"

"ጥርስህን ክደን!" አልኩት። እፍረቱም ንዴቱም አንገበገበኝ።

ማንዳ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

"አይዞሽ" አልኳት። "ልጄ ኤድሄም ከሥራ ይምጣ ብቻ፣ በመዶሻ ነው የሚንደው! ልጅሽን ግን ምን ነካው?"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ልጅሽን ስለተሳደብኩብሽ አኮረፍሽ?"

"ዙምሬታዬ፣ እስቲ ቁጭ በይ።"

"አልቀመጥም! ተናገሪ።"

"ክሬሾ ብቻውን አይደለም። ሲሚንቶውን ያቦካው ኤድሄም ነው።"

"የኔ ኤድሄም? ሂጂ ወዲያ!"

"በመስኮት ጮህኩባቸው፤ ማን ይስማኝ። 'ሁሉም በየግቢው ይሁን' ይላሉ። አንዱ ያቀብላል፣ አንዱ ይደረድራል፤ ደግሞ ይሳሳቃሉ። ሲጨርሱ ተጨባበጡ።"

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሁለቱ አንድ ትምህርት ቤት፣ የሙስሊም ልጅ የክርስቲያን ልጅ ተብለው፣ በተለያየ በር እየገቡ ነው ያደጉት፤ መንገድ ላይ ቢገናኙ ፊት ይነሳሳሉ። "ልጄ፣ በሞቴ፣ አንድ ቀን እንኳ ክሬሾን ጨብጠው" እያልኩ ኤድሄምን ስንት ዓመት ለምኜዋለሁ።

ይኸው ጨበጠው።