ኮት ሰፊውና የዳርት ሰሌዳው

በልብስ ስፌት ቤቱ ሻይ ክፍል ውስጥ የዳርት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሠራተኞቹ ምሳቸውን በልተው ሲጨርሱ ትንንሾቹን ቀስቶች ተራ በተራ እየወረወሩ ይፎካከራሉ። ኮት ሰፊው ግን ተራው በደረሰ ቁጥር የሚወጋው ሰሌዳውን ሳይሆን ግድግዳውን ነው። አንዴ መጋረጃውን፣ አንዴ ደግሞ የአለቃውን ባርኔጣ ወግቷል። ከዚያ ወዲህ ስሙ ቀርቶ «ግድግዳው» ተባለ።

«ግድግዳው ሊወረውር ነው፣ ነፍስህን አድን!» ትላለች ዋናዋ ጨርቅ ቆራጭ፤ በምላሷ ስለት የተነሳ «እትዬ መቀስ» የምትባለው ሴትዮ። ሰዉ ጠረጴዛ ሥር እየገባ ይንከተከታል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ግን ከጥርስ አያልፍም።

ሌሎቹ ልብ ያላሉትን እሱ አይቷል። ክንዱን አንስቶ ሲያነጣጥር ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። አባቱም ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሳቸውንም የጀመራቸው እንዲሁ እንደ ዋዛ ነበር፤ መጀመሪያ ጭናቸው ላይ ያረፈው እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ የሻይ ብርጭቆው ሳህኑ ላይ ተንቀጫቀጨ፣ ቀጥሎ መርፌው አልያዝ አላቸው፣ በመጨረሻም በማንኪያ የምታጎርሳቸው እናቱ ሆነች። ያን ሁሉ አጠገባቸው ሆኖ አይቷል።

ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም። አንድ ቅዳሜ ሰሌዳ ገዝቶ መጣና በኮሪደሩ ጫፍ፣ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ሰቀለው።

«ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?» አለች ሚስቱ፣ ገና ከፀጉር ቤቷ መግባቷ ነበር።

«ከጫማ ፋብሪካው ሠራተኞች ጋር ግጥሚያ አለን። ልለማመድ ብዬ ነው።»

ግጥሚያው እውነት ነው። እሱ ሊፈትን የፈለገው ግን እጁን ነበር። ቤት ውስጥም ከሳተ፣ በቃ፣ አለቀለት ማለት ነው።

ሳተም። በሩ እንደ ወንፊት ተበሳሳ። ሌሊቱን ጣራ ጣራ ሲያይ እያነጋ፣ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ይወረውራል።

«ሰውዬ፣ በሩ ምን በደለህ?» አለችው አንድ ቀን። ከሰሌዳው ኋላ አሮጌ ምንጣፍ ሰቀለችለትና የኩሽናውን በር ተደግፋ ታየው ጀመር። «ቀስቷን ልታንቃት ነው እንዴ? መርፌም እንዲህ ነው የምትይዘው? ደግሞ ስትወረውር ወደፊት የምትሮጠው ማን አባሮህ ነው?»

ቱግ ሊል ዳዳው፤ እውነቷን ስለነበር ዋጥ አደረገው። ጣቶቹን ላላ አደረገ። እግሩን ተክሎ፣ ከክርኑ በታች ብቻ እያንቀሳቀሰ ወረወረ። በሩ እረፍት አገኘ። ቀስቶቹ ቀስ በቀስ ከሰሌዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ ገቡ፤ እየዋለ ሲያድርም መሰባሰብ ጀመሩ።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሦስቱም መሐሉ ላይ ተጠጋግተው ተሰኩ። እጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ አየው። አይንቀጠቀጥም። ኮሪደሩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

ሚስቱ የምታጥበውን ሳህን እንደያዘች ሮጣ መጣች። «ምነው? ወጋህ?»

ያን ጊዜ ዘከዘከላት። የአባቱን ነገር፣ ፍርሃቱን፣ ሰሌዳውን ለምን እንደገዛ፣ አንድም አላስቀረ። ጨርሳ ሰማችውና ትከሻውን በእርጥብ እጇ አጮለችው።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ብቻህን ታመህ፣ ብቻህን ሞተህ፣ ብቻህን ልትቀበር ነበር? እኔ ምንህ ነኝ?» ሳህኑን አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች። «ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ሰው በዳርት አይመረመርም።»

ሐኪሟ ጣቶቹን አዘረጋችው፣ አጻፈችው፣ ወዲያና ወዲህ አስኬደችው። ስለ አባቱም ረጋ ብላ ጠየቀችው።

«የእሳቸው እጅ አርፈው በተቀመጡበት ነበር የሚንቀጠቀጠው አይደል?» አለችው። «የእርስዎ ግን ሰው ሲያይዎት ነው። የአባትዎ በሽታ ምልክት አላየሁብዎትም። ሰው ፊት ሲቆሙ የሚደነግጡ ሰው ነዎት፤ ሌላ ምንም የለም። ለማንኛውም አልፎ አልፎ ብቅ እያሉ ይታዩ።»

ደጅ ሲወጡ ሚስቱ ክንዱን አቀፈችው። «ለካ ፈሪ ነው ያገባሁት!»

«ፈሪ መሆን እንዲህ ደስ እንደሚል የነገረኝ የለም» አለ። አፉን ሞልቶ ሲስቅ አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየው።

በግጥሚያው ቀን ሻይ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ሚስቱም ከኋላ ቆማለች። ተራው ሲደርስ እጁ መንቀጥቀጡን አልተወም። ‹ተንቀጥቀጥ፣ ምን አባትህ ታመጣለህ› አለው በሆዱ። የመጀመሪያዋ ቀስት ግድግዳውን ወጋች፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሁለተኛዋ ሰሌዳው ላይ አረፈች። ሦስተኛዋ መሐሉን ለጥቂት ስታ ከጎኑ ተሰካች።

«ይሄን እጅ የት ደብቀኸው ነበር?» አለች እትዬ መቀስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሷን ሰብስባ።

«ቤት ነበር፣ እትዬ።»

ጫማ ሰሪዎቹ በጥቂት ነጥብ አሸነፏቸው። ቡድኑ ተናደደ፤ እሱ ግን ሽንፈቱ ከጆሮው አልዘለቀም። ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡሱ ገና ሳይነሳ ራሱን ሚስቱ ትከሻ ላይ ጥሎ እንቅልፍ ወሰደው። መውረጃቸው ሲደርስ ልትቀሰቅሰው እጇን ሰደደች። አፉን ከፈት አድርጎ እንደ ሕፃን ተኝቷል። እጇን መለሰችና አውቶቡሱ ሰፈራቸውን አልፎ ሲሄድ በመስኮቱ አየች።