የሚፈሰው ወተት

አስካለች ቴፒ ገበያ ላይ እርድና ኮረሪማ የምትሸጥ ቀልጣፋ ሴት ናት። እሳት ላይ የተጣደ ነገር አይገነፍልባትም፤ የጎረቤትም ቢሆን ሮጣ ታወጣዋለች። ያን ማክሰኞ ማለዳ ጉድ የሠራትም ይኸው ቅልጥፍናዋ ነው።

ገና አልፎ ጥምቀት አልደረሰም። ግቢዋ ውስጥ ቤት የተከራየችው ህንዳዊቷ መምህርት ሜናክሺ ደጇን ጠርጋ፣ ውኃ አርከፍክፋ፣ በሩዝ ዱቄት አበባ ትሥላለች። ዶሮዎቹ ከኋላዋ ይለቅማሉ።

«እሽ! እሽ!» አለች አስካለች።

«ተወው፣ ይብላ» አለች ሜናክሺ እየሳቀች። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። «ዛሬ ሁሉም ይበላል። አገሬ የመከር በዓል ነው። ፖንጋል።»

ከዚያ ጉልቻ ላይ አዲስ የሸክላ ድስት ጣደች። አንገቱ ላይ ከነቅጠሉ የተነቀለ እርድ አስራለች፤ አጠገቡ ሸንኮራ አገዳ አቁማለች። ወተቱን ጨምራ ፀሐይ መውጣቷን ለማየት ዞር ስትል፣ ወተቱ ሽቅብ ተነሣ።

አስካለች በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ላፍ አደረገችው።

«ተወው! ተወው!» ጮኸች ሜናክሺ።

አስካለች ግን ድስቱን እርጥቡ መሬት ላይ አስቀምጣ፣ «አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም!» ብላ ምስጋና ጠበቀች። ወዲያው ጧ አለ። የጋለው ሸክላ ተሰነጠቀ፤ ወተቱ በሥሩ ሾልኮ አለቀ።

ሜናክሺ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እትዬ አስካለች፣ ከላይ ነው መፍሰስ ያለበት። ሲገነፍል ቤት ይሞላል ይባላል። አሁን እናቴ ደውሎ ‹ፈሰሰ ወይ?› ይለኛል። ምን እላለሁ?»

አስካለች መሬት ብትውጣት ወደደች። ቀጥሎ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጎረቤቷ ወደ ዘይቱ ሮጠች። የዘይቱ ላም ገና መታለቧ ነበር። ዘይቱም ነገሩን ስትሰማ ወተቱን ለሌላ ሰው አላሲዝም ብላ ራሷ ይዛ መጣች። አስካለች ለራሷ የገዛችውን ያልተሟሸ ድስት አውጥታ ሰጠች።

ወተቱ እንደገና አረፋ ደፈቀ። የአስካለች እጆች አላስችል አሏት፤ ወደ ኋላ አጣምራ ያዘቻቸው።

«ወላሂ ብትነኪው!» አለች ዘይቱ ክንዷን ጨምድዳ።

ወተቱ ተነፋ፣ የድስቱን ከንፈር አለፈ፣ ፍሙ ላይ ቸስ አለ።

«ፖንጋሎ ፖንጋል!» ሜናክሺ ዘለለች። ሁለቱ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ስልኩ የጮኸው ይኼኔ ነው፤ እናትዮዋ ጥያቄዋን ሳትጨርስ እልልታው መለሰላት።

የጉራፈርዳ ሩዝ ተጨመረ፤ ስኳር በማር ተተካ፤ ኮረሪማውን አስካለች ራሷ ወቅጣ ነሰነሰች። ሦስቱም በአንድ ሳህን ዙሪያ ተቀምጠው በሉ።

«ነገስ ምንድን ነው?» አለች ዘይቱ ጣቷን እየላሰች።

«ነገ የላም ነው። ታጥቦ፣ ቀንዱን ቀለም ቀብቶ፣ አበባ አድርጎ መንገድ ይወጣል።»

ዘይቱ አስካለችን አየቻት፤ አስካለችም ሳቋ መጣ። በማግስቱ ቀንዷ ቀይ የተቀባ ላም አበባ አጥልቃ በሠፈሩ መካከል ስታልፍ፣ ሰው ሥራውን ትቶ ደጅ ወጣ። ላሚቱ ማንንም አላየች፤ አንገቷን ጠምዝዛ አበባውን መብላት ይዛለች።