ሳይነበብ የተጻፈበት

ሀይለየሱስ ከአዲስ አበባ ወረታ የመጣው ኮምፒውተር ሊያስተምር ነው። እጁ ግን አርፎ አይቀመጥም። አንድ የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪውን ከሐኪሟ ክፍል ጋር በኬብል ላገናኝ ቢል፣ የኔትወርክ ካርዶቹ አሮጌ ሆኑና ከኮምፒውተሮቹ ጋር የሚያግባባቸው ድራይቨር የሚሉት ፕሮግራም ጠፋ። «እኔ እጽፈዋለሁ» አለ ሀይለየሱስ። ጻፈውም። ምነው በቀረበት!

የኮምፒውተሮቹ ሜሞሪ ጠባብ ስለነበር የሚመጣውን ውጤት ሁሉ የሚቀበልበት አንዲት ቦታ ብቻ ለየ። አንዱ ውጤት ይገባል፣ የሐኪሟ ፕሮግራም ስሙን አስቀድሞ ውጤቱን አስከትሎ ያነበዋል፣ ቦታዋ ለሚቀጥለው ትሆናለች። እንደ ጠላ ቤት ጣሳ በሉት፤ አንዱ ጠጥቶ ሲጨርስ ለሌላው ይቀዳበታል። «የፊተኛው ተነቦ እስኪያልቅ አዲስ አታስገባ» የሚል ትእዛዝ መጨመር ነበረበት። አልጨመረም። ሲሞክረው ውጤቱ አንድ በአንድ ነበር የሚመጣው፤ ምን አስቸኮለን ብሎ ተወው።

ወረታ ደግሞ መብራት እንዳሻው የሚመጣባት እንዳሻው የሚሄድባት ከተማ ናት። የላቦራቶሪው ሰው አዛናው መብራት ሲጠፋ በመስኮት ብርሃን እየመረመረ ውጤቱን ያጠራቅማል፤ መብራት ሲመጣ ተመልሶ ሳይጠፋበት በጥድፊያ አከታትሎ ይልከዋል። ወፍጮ ቤቱም ፀጉር አስተካካዩም እንዲሁ ነው የሚሠራው። ሀይለየሱስ ይህን በየቀኑ እያየ፣ ከራሱ ሥራ ጋር አላገናኘውም።

ክረምቱ አልፎ የፎገራ ሜዳ ላይ የተኛው ውሃ ትንኝ ሲፈለፍል፣ የአከራዩ የየኔታ አያልነህ ልጅ መባ ትኩሳት ያዛት። እናቷ ከሞተች ወዲህ የኔታ ብቻቸውን ያሳደጓት አንዲት ልጃቸው ናት። ሰንበትበት ሲልባት ጸበል ሊወስዷት ተነሡ።

«የለም የኔታ፣ መጀመሪያ ያስመርምሯት» ብሎ ሀይለየሱስ ራሱ በባጃጅ ክሊኒክ አደረሳቸው። መብራት አልነበረም፤ ቆይቶ መጣ። ሐኪሟ ቢታንያ ስክሪኑን አይታ «ወባ የለባትም» አለች።

የየኔታ ፊት በራ። «እሰይ! እንግዲያማ ብርድ ነው፤ ለብርድ ደግሞ እንደ ወንዛዬ ፍል ውሃ የለም» አሉና በማግሥቱ ማለዳ ይዘዋት ሄዱ።

ቀትር ላይ አዛናው ለሀይለየሱስ ደወለለት። «ያች የየኔታ ልጅ መድኃኒቱ ተስማማት?»

«የምን መድኃኒት? ነፃ ናት አላችሁ እኮ!»

«ኧረ በስመ አብ! ደሟ ወባ ብቻ ነበር። በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ልኬ! ነፃ የሆነው ከሷ አስከትዬ የላክሁት ማናዬ የሚባል ሽማግሌ ነው።»

ሀይለየሱስ የሚያስረዳው ሰው አላስፈለገውም። የመባ ስም በጊዜው ተነቧል፤ ውጤቷ ግን ገና ሳይነበብ የማናዬ ውጤት መጣና ላዩ ላይ ተጻፈበት። ሐኪሟ በመባ ስም ያነበበችው የሽማግሌውን ጤንነት ነው።

የየኔታ ስልክ አይነሣም። መድኃኒቱን ከክሊኒኩ ወሰደ፣ ሞተር ሳይክል ለምኖ ተዋሰ፣ ጭቃው በያዘው ቁጥር እየወረደ እየገፋ፣ ከሰውም ከእግዜርም እየተጣላ ወንዛዬ ደረሰ።

ፍል ውሃው ዳር ሰው ተሰብስቦ ቆሟል። የኔታ መሬት ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ፊቷን በነጠላቸው ሸፍነውታል።

ሲያዩት እጁን ሳብ አድርገው ያዙት። «መጣህልኝ ልጄ? እግዜር ይስጥህ። አንተ ባታስመረምርልኝ ኖሮ፣ መድኃኒት እያለ እኔው ገደልኋት እያልሁ ዕድሜ ልኬን ስቃጠል እኖር ነበር። አሁን ግን ቁርጤን አወቅሁ። የእሱ ፈቃድ ነው፤ የሰው ጥፋት የለበትም።»

ዝም ማለት ይችል ነበር። አንገቱን ደፍቶ አብሮ ማልቀስ ይችል ነበር። አንጀቱ አልቻለም።

«የኔታ፣ ወባ ነበረባት» አለ። «ውጤቷን ያጠፋው እኔ የሠራሁት ሥራ ነው። መድኃኒቷ ይኸው።»

የኔታ መድኃኒቱን አዩት፤ ከዚያ እሱን አዩት። አልጮኹም፤ አልተራገሙምም።

«ምነው ልጄ» አሉ እጁን እየለቀቁ፣ «ምነው ይህንንስ ባትነግረኝ!»