ከሩብ በታች

ሰውየው ልጅ ሳለ ነው፤ ጋራዥ ጥግ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተጋድሞ። አባቱ ከአንድ ሾፌር ጋር ያወራሉ፣ እሱን እንቅልፍ ያዳፋዋል። ቤንዚን ራሱ ሸክም ነው፣ ታንኩ የሞላ መኪና ቤንዚኑን የሚጨርሰው ቤንዚኑን በመሸከም ነው ሲባባሉ ሰማ። ቀጥሎ አንዱ «ግን» ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን እንቅልፍ ወሰደበት።

ያችን ግማሽ ወሬ ይዞ ሸበተ። የእሱ መኪና ከሩብ በላይ ቤንዚን አይታ አታውቅም። ቀዩ መብራት ሲበራ ጠብ ያደርግላታል። ሚስቱ፣ ባሌ መኪናውን እንደ በሽተኛ በማንኪያ ነው የሚያበላት እያለች ትስቅበት ነበር፤ ኩላሊቷ ሳይታመም፣ መሳቅም ሳይደክማት።

ዛሬ ጠዋት ደሟን ልታሳጥብ ሲወስዳት፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ ተንተባተበና ቀጥ አለ። ቁልፉን ቢያዞር ቢያዞር ያስላል እንጂ አይነሳም። ተጎትተው ጋራዥ ሲደርሱ ተራዋ አልፏል። ሆስፒታሉ ጋ ሲደውሉ ለነገ ጠዋት አሸጋሸጉላት፤ ከነገ እንዳታልፍ ግን ሐኪሙ አስጠንቅቋል።

መካኒኩ የኋላውን ወንበር አንስቶ ፓምፑን ከታንኩ አወጣ። አሸተተው፣ ፊቱን አጨማደደ።

«ጋሼ፣ ይሄ የሚቀዘቅዘው ቤንዚን ውስጥ ተዘፍቆ ነው። እርስዎ በደረቁ ያስሮጡታል፣ ሲጠማው ደግሞ አተላ ያጠጡታል።»

ፊልትሮውም በዝቃጭ ተደፍኗል፣ ታንኩም ወርዶ መታጠብ አለበት። አዲስ ፓምፕ እስኪገኝ ቀናት ይፈጃል። ሰውየው ለነገ ብቻ እንደምንም እንዲያስነሳለት ለመነው።

«ማስነሳቱን አስነሳልዎታለሁ። የት እንደምታቆምዎ ግን አላውቅም።»

ሚስቱ አግዳሚው ላይ ያበጠ እግሯን ዘርግታ ትሰማለች። ታናሽ ወንድሟ መኪና አለው፤ እኔ ልውሰዳት ብሎ ስንቴ ጠይቋል። ሰውየው ግን ወንድምየው «እህቴን በዚህ ቆርቆሮ ትጭናታለህ?» ካለው ወዲህ ደጁን አልረግጥም ብሎ ምሏል። በልቡ ፈጣሪውን ብርታት ለመነ። የተሰጠው ድካም ብቻ መሰለው።

«እኔ የናንተን ኩርፊያ የምሸከምበት አቅም የለኝም» አለችው፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። «ነገ መድረስ አለብኝ።»

ሰውየው እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ከሞተሩ የነካው ግራስ አልለቀቀም። የመኪናውን ቁልፍ ለመካኒኩ አቀበለና አጠገቧ ተቀመጠ።

«የወንድምሽን ቁጥር አውጪልኝ» አላት። «እኔው ልለምነው።»