ከሦስት ቀን በፊት

ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«መግሉ መፍሰስ የጀመረው መቼ ነው?»

«ከሦስት ቀን በፊት» አለ አልጋው ላይ የተኛው ሾፌር፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ሚስቱ ከአልጋው ግርጌ ቆማለች። ሦስት ቀን! አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ያንን የሚከረፋ ጨርቅ ስታጥብ የከረመችው እሷ ናት። ላውንደሪ ቤት ስትሠራ ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ያላየችው የሰው እድፍ የለም፤ እንዲህ ያለው ግን ገጥሟት አያውቅም። እቤት በበረኪና ትዘፈዝፈዋለች፤ እሱ ደግሞ አልጋው ላይ ተጋድሞ «በረኪናው ራሴን አዞረኝ» እያለ ይነጫነጫል።

ሰውየው ከስምንት ወር በፊት ከአውቶቡሱ ደረጃ ተንሸራቶ ወድቆ የጭኑ አጥንት ዳሌው ሥር ተሰበረ። ይኸው ሐኪም በብሎን አሰረለት። አጥንቱ አልያዘም፤ ብሎኖቹ ላሉ፤ ቆይቶም ቁስሉ ተከፍቶ መግል ይጥል ጀመር። ያኔውኑ ቢመጣ ምን ነበረበት! እሱ ግን መሥሪያ ቤቱ እንዳይሰማ ፈራ። ከሰሙ አውቶቡሱን እሱ «እባቡ» ለሚለው ተተኪ ሾፌር ጠቅልለው ሊሰጡት ነው። ጠያቂ ሲመጣ «ድኛለሁ እኮ» ይላል። እሷም «ድኗል» ትላለች።

«ራጁን ሳየው የቆየ ይመስላል» አለ ሐኪሙ። «በእርግጥ ሦስት ቀን ከሆነ ነገ ብሎኖቹን አውጥቼ፣ አጥቤ፣ በዚያው ሰው ሠራሽ ዳሌ አስገባለሁ። ከቆየ ግን አይሆንም። ሁሉንም አውጥቼ መድኃኒት ያለው የአጥንት ሲሚንቶ በቦታው አደርግበትና ሁለት ወር ከዚያም በላይ ይተኛሉ። አዲሱ የሚገባው ሲጸዳ ነው። መግል ውስጥ ብረት ብተክል እግሩንም እርስዎንም እናጣለን።»

«ሦስት ቀን አልኩህ! እግሬን ስታበላሸው አልጠየቅከኝ፣ ዛሬ ምን ያንዘባዝብሃል?»

የሐኪሙ ፊት ደም መሰለ። ራጁን አልጋው ላይ ወርውሮ ወጣ።

«እባክህ ንገረው» አለች ሚስትየው።

«አፍሽን ዝጊ።»

«ትሞታለህ እኮ!»

«ብሞት እኔ ነኝ የምሞተው። እኔ ሁለት ወር ያለ ዳሌ ተጋድሜ እባቡ በመኪናዬ ሊንፈላሰስ? ትንፍሽ ብትዪ ቤቴን እንዳትረግጪ!»

እንግዲህ ይሙታ! ብላ አሰበች፤ የምሯንም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሲያዛትና ሲያንቋሽሻት ኖሯል፤ አሁን እንዳላት ዝም ብትል ማን ይጠይቃታል? ዝምታን እንደሆነ በደንብ አሠልጥኗታል። ከዚያ የገዛ ሐሳቧ አስደነገጣትና ቦርሳዋን እንኳ ሳትይዝ ሮጣ ወጣች።

ሐኪሙን ኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት።

«አሥራ አንድ ሳምንት ነው፣ ዶክተር። ዋሽቶዎት ነው።»

እግዜር ይስጥልኝ የሚላት መስሏት ነበር። እሱ ግን ከላይ እስከ ታች ገላመጣት።

«አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ጨርቅ ሳጥብ» አለች።

ሐኪሙ ባሏ ፊት እንድትደግመው መልሶ ይዟት ገባ። ቁስሉ የተከፈተበትን ቀን፣ የመግሉን ቀለም፣ ትኩሳቱን፣ ለጠያቂ የዋሸችውን ሳይቀር ዘረገፈችው። ስትጨርስ ሾፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ውጪልኝ» አለ።

በማግስቱ ሲከፈት መግሉ አጥንቱ ውስጥ ድረስ ዘልቆ ተገኘ። ብሎኖቹ ወጡ፤ ሰውየው ያለ ዳሌ ተጋደመ። ማስታመሙን እህቱ ያዘች፤ ሚስትየዋንም ከበር መለሰቻት። «ወንድሜን አጋድመሽው ደግሞ ምን ልታዪ መጣሽ?» ልብሷ በሻንጣ ተጠቅጥቆ ሥራ ቦታዋ ድረስ ተላከላት። አዲሱ ዳሌ ከአሥር ሳምንት በኋላ መግባቱን የሰማችው ከአንዲት ነርስ ነው፣ ያውም ደውላ ለምና።

አምስት ወር ያህል አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ሾፌሩ የላውንደሪውን በር ከፍቶ ገባ። የሾፌር ዩኒፎርሙን ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። እባቡ የድሮውን መስመር እንደያዘ ቀርቷል፤ ለእሱ ሌላ ተሰጥቶታል።

«ለማክሰኞ ያድርሱልኝ» አላት፣ አይቷት እንደማያውቅ ሰው።

ደሟ ፈላ። የደረሰኙን ጥራዝ ሳብ አደረገች።

«ማን ልበል?»

ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ነገራት። አንድ በአንድ ጻፈችው። ደረሰኙን ተቀብሎ ወጣ።

ከባንኮኒው ወጥታ ከበሩ ሥር ቆመች። አስፋልቱን ያለ ከዘራ ተሻገረ፤ ማዶ ያለችውን ቦይ በዚያው በታመመው እግሩ ዘለላት። ምነው ትንሽ እንኳ ባነከሰ! ብላ ተመኘች። አላነከሰም። ደስ አላት፤ ደስ ማለቷ ደግሞ ከምንም በላይ አናደዳት።