ኤለሪ ከመድረክ የወረዱ ዕለት

በአሜሪካዋ ቬርሞንት ውስጥ፣ ወንዙ ዳር ባለው የመንደር አዳራሽ፣ በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጭፈራ አለ። ሰዉ ሁለት ረድፍ ሠርቶ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ኤለሪ መድረክ ላይ ሆነው «ወንዶች ወደ ግራ! ሴቶች ዙሩ!» እያሉ ይመሩታል። ሠላሳ ዓመት መሩ። በሠላሳ ዓመት ግን አንድ ቀን እንኳ አልጨፈሩም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ወንድ ነኝም ሴት ነኝም ማለት ሆኖላቸው አያውቅም፤ ሁለቱን ረድፎች ሲያዩ እግራቸው እንቢ ይላቸዋል። ስለዚህ ከላይ ሆኖ ማዘዙን መረጡ።

በረዶው መቅለጥ በጀመረበት አንድ የመጋቢት እሑድ፣ ጭጋግ ከወንዙ ተነሥቶ መስኮቶቹን ሸፈናቸው። አዳራሹ ከምድር ተነቅሎ ነጭ ነገር ላይ የሚንሳፈፍ መሰለ። ኤለሪ ወደ ቫዮሊን ተጫዋቹ ጎንበስ አሉ፤ ጋርድነር ይባላል፣ የአርባ ዓመት ወዳጃቸው ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ ወንዶች፣ ሴቶች ማለት ትቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ልትይን ነው? ዶሮና ዳክዬ?»

«በግራ የቆመ ወንዝ፣ በቀኝ የቆመ ጥድ። ማንም በወደደው በኩል ይቁም።»

«ለይቶልሻል!» አለና ቫዮሊኑን ይቃኝ ጀመር።

የመጀመሪያው ዙር ትርምስ ሆነ። ወንዙ ከወንዝ ተጋጨ፣ ጥዱ ወደ ግድግዳው ሄደ። ላም አርቢው ሉተር፣ «ወንድነቴንም ከኮቴ ጋር በር ላይ ልስቀለው እንዴ?» ብሎ ኮቱን ነጥቆ ወጣ። ሚስቱ፣ «ሂድ፣ መኪና ውስጥ ጠብቀኝ» አለችውና የጎረቤቷን እጅ ይዛ ወንዝ ሆና ቀጠለች።

ሦስተኛው ዜማ ላይ እግርና ጆሮ ታረቁ። ይኼኔ የጋርድነር ሚስት ቨርና መድረኩን ወጥታ ማይኩን ያዘች።

«ውረጂ እስቲ። ሠላሳ ዓመት የሰማሁትን አልስተውም።»

ኤለሪ ወረዱ። ሻካራና ሞቃት እጅ ተቀበላቸው፤ የማን እንደሆነ አላዩም። ዞሩ። ወንዝ ሆነው ፈሰሱ፣ ረድፉ ጫፍ ደርሰው ጥድ ሆኑ፣ እንደገና ወንዝ። ፊቶች ከጭጋግ እንደሚወጡ እየመጡ፣ ፈገግ እያሉ፣ ያልፋሉ። ወለሉ የቱ ጋ እንደሚያልቅ፣ ሰውነታቸው የቱ ጋ እንደሚጀምር ጠፋቸው። ቫዮሊኑ ሲያቆም ጉንጫቸው ርሶ ነበር።

ሰዉ ሲበተን ጋርድነር አጠገባቸው መጣ።

«አርባ ዓመት አንቺ ስልሽ ቅር ይልሽ ነበር?»

«ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር። አንተ ብትለኝም ያው ነው።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«አንቱ በለኝ።»

«በስድስት ወር የምበልጥሽን!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ፊታቸውን አየና ሳቁ ቆመ። ቫዮሊኑን ሣጥኑ ውስጥ አስተኛው።

«እንግዲያው... ይቀመጡ። ሾርባ ላምጣልዎ።»

ምላሱ ተደናቀፈበት፤ አንቱ ማለቱ ግን አልቀረም። ኤለሪ ተቀመጡ። ሾርባው የበቆሎና የድንች ነበር፤ ጨው በዝቶበታል። ሁለት ሳህን ጠጡ።